ሳትመርጪ አንብቢልኝ

በ2009 ዓ.ም. መስከረም ሊያልቅ ሲል ነው። ዝናቡ ገና ጨርሶ አልወጣም ነበር። አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ የገበሬ መሬት በሚያሰፋው ማስተር ፕላን ምክንያት የተነሳው ተቃውሞ ሲበርድ ሲነሳ ከርሞ በእኛ አካባቢ እንደገና የበረታበት ሰሞን ነው። በዚያ ጊዜ ብዙ ሰው ብዙ ነገር አይቷል። ከእኔ የባሰ የደረሰበት አለ። እኔ የምጽፈው በአንድ ረቡዕ ቀን ስለገጠመኝ ነገር ብቻ ነው። ያልረሳሁት ልጄ የተረፈችበት ቀን ስለሆነ ነው። ደግሞም አንድ የማላውቀው ሰው ከሠላሳ ዓመት የጽሕፈት ሥራ ያልተማርኩትን ነገር ስላስተማረኝ ነው።

ዓለም ገና፣ ጅማ መንገድ ዳር፣ አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። መኖሪያዬ ከሱቁ ጀርባ ባለው ግቢ ውስጥ ነው። ግቢው የአከራዬ የኦቦ ለሜሳ ነው። ልጄን ራሔልን አባቷ ካረፈ ወዲህ ያሳደግኳት በዚህች ሱቅ ነው። ያን ጊዜ በምዕራብ በኩል በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪ ነበረች። ደንበኞች በሚያመጡት ፍላሽ የተነሳ ኮምፒውተሬ በቫይረስ እየተበላሸ ሲያስቸግረኝ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም የጫነችልኝ እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ ቫይረስ የሚባል አላየሁም። እኔ የማውቀው ግን መጻፊያውን፣ ማተሚያውንና ኢሜይል መክፈቻውን ብቻ ነበር።

ራሔል ትምህርት ሊጀመር ስለሆነ እሑድ ንጋት ላይ በአውቶቡስ ሄደች። ሰኞ ከሰዓት በኋላ መንገዱ ተዘጋ።

ድንጋይ መወርወር ሲጀመር ሰማዩም ያጉረመርም ነበር። እኛ ሰፈር መብረቅ ሲያሰጋ የስልኩን ሽቦ ከግድግዳው ነቅሎ መውጣት የተለመደ ነው። እኔም ሳልነቅል ወጥቼ አላውቅም። ያን ዕለት ግን የቆርቆሮውን መዝጊያ አውርጄ በጓሮው በር ወደ ቤት ሮጥኩ። ሽቦው ትዝ ያለኝ መብረቁ ቅርብ ቦታ ወርዶ ቤቱ ሲናወጥ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ራሔል ደርሻለሁ ብላ አልደወለችም። ስደውልላት ስልኳ ጥሪ አይቀበልም ይላል። የጓደኞቿም እንደዚሁ ነው። የሞባይል ኢንተርኔት በየቦታው ተዘግቷል። በሽቦ የሚመጣው ግን እንዳለ ይወራል። የእኔ በሽቦ የሚመጣው ነው። ራሔልም ስትሄድ “እማዬ፣ ስልክ ከጠፋ በኢሜይል እጽፍልሻለሁ። አንቺም መልሺልኝ። ‘እሺ’ ብቻ ብለሽ እንዳትተይኝ ደግሞ” ብላኝ ነበር።

ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ኢንተርኔት የለም። የኢንተርኔቱ ሳጥን መብራት በርቷል። ከኮምፒውተሩ ጀርባ፣ ሽቦው የሚሰካበት ቦታ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ግን ጠፍታለች። ነቅዬ ሰካሁ። አልበራችም።

ወደ አዲስ አበባ መኪና አይሄድም። የአካባቢው ኢንተርኔት ቤቶች ሁሉ ተዘግተዋል። ወደ ምዕራብ በሚወስደው መንገድ አውቶቡስ ተቃጠለ ይላሉ። የትኛው አውቶቡስ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። እመቤቴ ማርያምን ልጄን እንድትጠብቅልኝ ለመንኳት። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

ረቡዕ ረፋድ ላይ መንገዱ ትንሽ ተከፍቶ ሚኒባሶች ማለፍ ጀመሩ። ብዙም ሳይቆይ ተኩስ ተሰማ። በቆርቆሮው ቀዳዳ ስመለከት ከአንድ ሚኒባስ ውስጥ ተሳፋሪዎች ወርደው በየአቅጣጫው ይሮጣሉ። አንድ ሰውዬ ብቻ አልሮጡም። ጥቁር መነጽር አድርገዋል፣ ነጭ በትር ይዘዋል። መንገዱ ዳር ቀጥ ብለው ቆመው ጭንቅላታቸውን ወደዚህም ወደዚያም ያዞራሉ።

መዝጊያውን በግማሽ ከፍቼ “አባቴ፣ በዚህ ይግቡ!” ብዬ ጮህኩ።

“ድምፅዎን አያቋርጡ፣ እመጣለሁ” አሉኝ። ጥሪዬን ተከትለው መጡ። እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸውና መዝጊያውን አወረድኩ።

ገመቹ ይባላሉ። ሰበታ አስተማሪ ናቸው። ለሕክምና አዲስ አበባ ሄደው መንገድ ተዘግቶባቸው ሰንብተዋል። ያን ቀን ተከፈተ ሲባሉ ነው የተሳፈሩት።

“ሹፌሩ ‘መምህር፣ ይሩጡ!’ ብሎኝ ሄደ” አሉ። “ጥሩ ምክር ነው። ወዴት እንደሚሮጥ ግን አልነገረኝም።” ብቻቸውን ሳቁ። ከዚያ ለባለቤታቸው ደውለው ደህና ቦታ እንደገቡ ነገሯት።

ምሳ አቀረብኩላቸው። ሽሮ ብቻ እንደሆነ፣ ረቡዕ ጾም ስለሆነ ሌላ እንዳልሠራሁ ነገርኳቸው።

“እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ” አሉኝ። “ግን ከሽሮ ጾሜ አላውቅም።”

እየበሉ ሳለ እኔ ስልኬን እሞክራለሁ። ጥቂት ቆይተው እጃቸውን ከትሪው አነሱ። “እህቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ‘የደወሉላቸው ደንበኛ’ የምትለውን ሴትዮ በቃሌ ያዝኳት። ማንን ነው እንዲህ የሚፈልጉት?”

“ልጄን” አልኳቸው።

ጠበቁኝ። እኔ ወሬ አላበዛም። ዝም ሲሉ ግን የቀረውንም ነገርኳቸው፤ አውቶቡሱን፣ ኢሜይሉን፣ መብረቁን።

“ኢንተርኔቱ ምን ሆነ?”

“አይሠራም።”

“እሱንማ ሰማሁ። ኮምፒውተሩ በምን ይሠራል?”

“በሊኑክስ።”

ፊታቸው በራ። እሳቸውም የሚሠሩት በዚያው ነበር። ለዓይነ ስውር በስክሪኑ ላይ ያለውን እያነበበ የሚናገር ፕሮግራም ያለ ክፍያ የሚገኝበት ስለሆነ ከዓመታት በፊት ነው የለመዱት። አይጥ የምትባለውን መጠቆሚያ ስለማይጠቀሙባት ሥራቸው ሁሉ በጽሑፍ ትእዛዝ ነው።

“ስፒከር አለዎት? ካለዎት ራሱ ያነብልኛል።”

“የለኝም።”

“እንግዲያ እርስዎ ያነቡልኛል።” ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ወደ ማሽኑ ቀረቡ። “የሥራ ባልደረባ ከሆንን ደግሞ አንቺ ልበልሽ።”

“ይበሉኝ” አልኳቸው።

መጀመሪያ ማሽኑን አጥፍቼ ገመዱን ሁሉ እንድነቅል አደረጉኝ። ጎኑን ከፈትኩላቸው። አፍንጫቸውን አስጠግተው አሸተቱ። “ይኸኛው አርፏል” አሉ፣ የኔትወርኩ ሽቦ በሚገባበት በኩል እየጠቆሙ። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ ያ ሽታ አልታወቀኝም ነበር።

ራሔል ከአንድ የሞተ ኮምፒውተር ያወጣቻትን፣ የኢንተርኔቱ ሽቦ የሚሰካባት የኔትወርክ ካርድ “ለክፉ ቀን” ብላ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣልኝ ነበር። አወጣኋት። መምህር ገመቹ ካርዷን ከመቀበላቸው በፊት በሰውነታቸው ያለ ኤሌክትሪክ እንዳይጎዳት ብለው እጃቸውን በማሽኑ ብረት ላይ አሳረፉ። ከዚያ በጣታቸው ጠርዟን ዳሰሱ፣ ቀዳዳውን ዳሰሱ፣ ጫን አሏት። ገባች።

“ከመዝጋትሽ በፊት፣ መሐሏ ላይ ካለችው ጥቁር ካሬ ላይ ምን ተጽፏል?”

“የፋብሪካው ስም።”

“ከስሙ ሥር?”

“ቁጥር ነው።”

“አየሽ፣ እኔ የምፈልገው እሱን ነው።”

ቁጥሩን አነበብኩላቸው። ስምንት፣ አንድ፣ ሦስት፣ ዘጠኝ። ካርዷን ያውቋት ነበር። “አሮጊት ናት። ግን ሠራተኛ ናት” አሉ። ማሽኑን ዘግቼ አስነሳሁ። ሽቦውን በካርዷ ላይ ስሰካ አረንጓዴዋ መብራት በራች። በደስታ አማተብኩ። ኢሜይሉን ለመክፈት ሞከርኩ። አሁንም አልከፈተም።

መምህር ገመቹ እንዳስረዱኝ ካርድ መሰካቱ ብቻ አይበቃም። ሲስተሙ ከካርዱ ጋር የሚነጋገርበት ድራይቨር የሚባል ነገር አለ። አብዛኛውን ጊዜ ሲስተሙ ራሱ ይቀሰቅሰዋል። የእኔ ያረጀ ስለሆነ ይሁን በሌላ ምክንያት አልቀሰቀሰውም። ስለዚህ ስሙን ጠርተን ማስነሳት አለብን። ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት አስከፈቱኝ። ራሔል ስትሠራበት ከሩቅ ነበር የማየው።

“አንቺ ጸልዪ፣ እኔ አዛለሁ” አሉ። “ድራይቨር የሚቀሰቅሰውን ትእዛዝ፣ ሞድፕሮብ ብለሽ ጻፊ። ኤም፣ ኦ፣ ዲ…”

ፊደሉን ጠርተው ሳይጨርሱ እጽፋለሁ። ጣቴን እየሰሙ ነበር። “የድሮ ታይፒስት ነሽ። ያሁን ልጆች በሁለት ጣት ነው የሚለቅሙት።”

ከሞድፕሮብ ቀጥሎ የካርዷን ቁጥርና ሲ፣ ፒ የሚሉ ፊደሎች ጻፍኩ። ተጫንኩ።

“ምን አለ?”

“ምንም አላለም።”

“ጥሩ ነው! ይህ ሲስተም ደህና ሲሆን ዝም ይላል። የሚናገረው ሲከፋው ነው። ካንቺ ጋር ሳትስማሙ አትቀሩም።”

ደህና ሲሆን ዝም ይላል የሚለውን ሰምቼ ራሔልን አሰብኩ። ያን ቀን ግን ልቤ ሊቀበለው አልቻለም።

ቀጥለው ኢ፣ ቲ፣ ኤች፣ ዜሮ የሚባለውን የኔትወርክ በር እንድከፍት አዘዙኝ። ማሽኑ እንዲህ ያለ ነገር የለም አለ። እንደገና አዘዙኝ። የለም አለ።

“ሲስተሙ ሲነሳና ካርድ ሲያገኝ የሚያወራውን እንየው” አሉና ሌላ ትእዛዝ አጻፉኝ። በእንግሊዝኛ የተጻፉ ብዙ መስመሮች ወረዱ። “መጨረሻዎቹን አንብቢልኝ።”

“ካርዱን አግኝቶታል” አልኳቸው።

“ሌላስ?”

“ሌላ ቁጥር ነው።”

አሰቡ። ሽቦውን ንቀይ አሉኝ፣ ነቀልኩ። ስኪው አሉኝ፣ ሰካሁ። ማሽኑን አጥፍተን አስነሳን። ያንኑ ትእዛዝ ደግመን ጻፍን። ማሽኑ ያንኑ መለሰ። መምህር ገመቹ ቀልዳቸውን ተዉ። መነጽራቸውን አውልቀው ግንባራቸውን ያሹ ጀመር። ከውጭ የጎማ ጭስ ይገባል። ካርዷም አልሆነችም ማለት ነው ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

በዚህ መሐል መዝጊያው በኃይል ተደበደበ። “ማን አለ? ክፈቱ!” የሚሉ የወጣቶች ድምፅ ነው። እኔ ብድግ አልኩ።

መምህር ገመቹ ግን ካሉበት ሳይነሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በኦሮምኛ መለሱ። “አና፣ ኢጆሌ ኮ! በርሲሳ ገመቹ!” እኔ ነኝ፣ ልጆቼ፣ መምህር ገመቹ ማለታቸው ነው።

መዝጊያውን መደብደባቸውን ተዉ። ከዚያ አንዱ “መምህር? እዚህ ምን ያደርጋሉ?” አለ። የሰበታ ልጅ ነበር፣ ያውቃቸዋል።

“ኢንተርኔት እየጠገንኩ ነው።”

ልጆቹ ሳቁ። “ኢንተርኔትማ ተዘግቷል፣ መምህር!”

“በአየር የሚሄደው ነው የተዘጋው። በሽቦ የሚሄደው አለ። ልጇ የገባችበት የጠፋባት እናት አጠገቤ ተቀምጣለች። ጩኸት ካልቀነሳችሁ ፊደል ሳትሳሳት አትቀርም።”

አንዱ “አይዞሽ፣ እናቴ” አለኝ በአማርኛ። የእርምጃቸው ድምፅ ራቀ።

መምህር ገመቹ “ፕላኑ የተሳለው እነዚህ ልጆች ባደጉበት መሬት ላይ ነው” አሉ። “የወንድሜም እርሻ እዚያው ውስጥ ነው።” እኔ ራሴ የምኖርበት ግቢ ትናንት የኦቦ ለሜሳ አባት ጤፍ ማሳ እንደነበር አውቃለሁ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። “እህቴ፣ ደንበኛ ማመልከቻ ሲያስጽፍሽ እንዴት ነው የምታነቢለት?”

“ስሙን፣ ቀኑን፣ የሚጠይቀውን።”

“ሌላውን ትዘይዋለሽ።”

“ጊዜ ይወስዳል።”

“ልክ ነሽ። እሱ ግን ወረቀቱን ያያል። የዘለልሽውን በዓይኑ ይሞላዋል።” እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ። “እኔ አንቺ የዘለልሽውን የምሞላበት የለኝም። ለእኔ የሚጠቅመኝን አንቺ አትምረጪልኝ። ቁጥሩንም፣ ነጥቡንም፣ የማይረባ የመሰለሽንም ሁሉ አንብቢ። ሳትመርጪ አንብቢልኝ።”

ሠላሳ ዓመት እንደዚያ ነው የሠራሁት። ማሳጠር እንደ ሙያ ነበር የምቆጥረው። እሺ አልኩና መስመሩን ከመጀመሪያው ጀመርኩ። መስመሩ የሚጀምረው ትርጉም በሌላቸው ብዙ ዜሮዎችና ነጥቦች ነው። የዘለልኩትም ለዚያ ነው። ዜሮውን፣ ነጥቡን አንድ በአንድ ጠራሁ። ከቁጥሮቹ በኋላ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን አነበብኩ። ይህ ካርድ ከዚህ ድራይቨር ጋር አይሄድም፣ ያንን ተጠቀም ይላል። የዚያኛውንም ስም ጽፎታል። ቁጥሩ ያው ነው። መጨረሻው ግን ሲ፣ ፒ ሳይሆን ቲ፣ ኦ፣ ኦ ነው።

መምህር ገመቹ ወንበራቸው እስኪንገዳገድ ሳቁ። “ሲለምንሽ ነው የዋለው! መልሱን በእጁ ይዞ!”

እኔም ሳቅኩ። ከእሑድ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ሞድፕሮብ፣ ቁጥሩ፣ ቲ፣ ኦ፣ ኦ። ተጫንኩ። ማሽኑ ዝም አለ። ሲያወራ የነበረውን መልሰን አወጣን። አሁን አንድም ነገር ሳልዘል አነበብኩ። ከመስመሮቹ በአንዱ ላይ ኢ፣ ቲ፣ ኤች፣ ዜሮ የተባለው ስሙ ወደ ኢ፣ ቲ፣ ኤች፣ ዋን ተቀየረ የሚል ነበረ።

“እዚያ ላይ ቁሚ” አሉኝ። “የሞተው ካርድ ዜሮ ነበር። ሲስተሙ ስሙን ለሌላ አልሰጠበትም። ይመለሳል ብሎ ይጠብቀዋል። እኛ የሞተውን በር ነው ስናንኳኳ የቆየነው።”

ዜሮ ያለውን ዋን አድርጌ ጻፍኩ። የቁጥር አድራሻ ተሰጠን። እሱንም እስከ መጨረሻው ነጥብ ድረስ አነበብኩላቸው።

“በቃ፣ ገብተናል” አሉ። “ነገ ስታስነሽው እንዳይረሳ ግን የድራይቨሩን ስም ሲነሳ የሚያየው ቦታ ላይ እናስገባለት። የበሩንም ስም እናስተካክልለት።” አጻፉኝ፣ ጻፍኩ። በመቸኮሌ አንድ ፊደል ተሳሳትኩ። ከጣቴ ድምፅ ነው መሰለኝ፣ ሳልነግራቸው “አጥፊና ድገሚው” አሉኝ።

ኢሜይሉን ከፈትኩ። የራሔል ስም ሦስት ቦታ አለ፤ የላይኛው የዚያኑ ዕለት ጠዋት የተላከ ነው።

መምህር ገመቹ መልእክት እንዳለ ስነግራቸው ለመነሳት በትራቸውን ፈለጉ። ይቀመጡ አልኳቸው። የላይኛውን ጮክ ብዬ አነበብኩ።

“እማዬ፣ ሰኞ ማታ ደርሻለሁ። እዚህ ስልክ አይሠራም። የቤተ መጻሕፍቱ ኢንተርኔት በኬብል ስለሆነ አለ። ዓለም ገና ተቃጠለ ይላሉ። ለምን አትመልሺልኝም? ሦስተኛዬ ነው ስጽፍልሽ። ነገ ጠዋት በአንድ የጭነት መኪና የሚሄዱ ልጆች አሉ። እስከዚያ መልስሽን ካላየሁ ከእነሱ ጋር እመጣለሁ። ባትወጂውም እመጣለሁ።”

እኔ ስለ እሷ ዝምታ ስጨነቅ እሷን የእኔ ዝምታ ወደ መንገድ ሊያወጣት ነበር።

ወዲያው ጻፍኩ። “ደህና ነኝ። አትምጪ።” ልልከው ስል መምህር ገመቹ “ምን አልሻት?” አሉኝ። ነገርኳቸው።

“ሌላስ?”

“ይኸው ነው።”

“እህቴ፣ ልጅሽ ማሽን አይደለችም። በሁለት ቃል አታምንሽም። ሌላ ሰው በስምሽ የጻፈው ይመስላታል። ዓለም ገና ተቃጠለ ብለዋታል። ያልተቃጠለውን ንገሪያት።”

እውነት ነበር። ጻፍኩላት። ሱቁ እንዳልተነካ፣ ጎረቤት ሁሉ በሕይወት እንዳለ፣ መብረቁን፣ ሽቦውን መርሳቴን፣ ያስቀመጠችልኝን ካርድ፣ ነጭ በትር ይዘው መንገድ ላይ ስለቆሙት ሰው፣ የተሳሳተውን ድራይቨርና የዘለልኩትን መስመር። የኦቦ ለሜሳ ላም መውለዷንም ጻፍኩ። አባቷ ካረፈ ወዲህ ያልነገርኳትን፣ ከቤት በወጣች ቁጥር ደርሻለሁ እስክትል ድረስ ውኃ እንኳ እንደማይወርድልኝ ጻፍኩ። ለደንበኛ ካልሆነ በቀር ይህን ያህል ጽፌ አላውቅም። መምህር ገመቹ የቁልፎቹን ድምፅ ሲሰሙ ቆዩ። ላክሁት።

መልስ ወዲያው አልመጣም። ራሔል ያለችበት ቤተ መጻሕፍት የሚዘጋበት ሰዓት አልፏል። ኦቦ ለሜሳ መጥተው “የእኔ እንግዳ ይሁኑ እንጂ እዚህ ቆርቆሮ ውስጥ ምን ያደርጋሉ?” ብለው መምህርን ወደ ቤታቸው ወሰዷቸው። እስኪርቁ ድረስ በኦሮምኛ ሲሳሳቁ ይሰማኛል።

ኋላ እንደሰማሁት ያ የጭነት መኪና ሐሙስ ጠዋት ወጥቶ ነበር። ከከተማው ብዙም ሳይርቅ ተደብድቦ ተመለሰ። ከላዩ ከነበሩት ልጆች የተጎዱ አሉ። ራሔል ዛሬ ተመርቃ ሥራ ይዛለች። እግዚአብሔር ይመስገን። ሱቄ ውስጥ ለደንበኛ ሳነብ አሁን ከአናቱ እስከ ፊርማው አነባለሁ። የሚቸኩሉ ይቆጡኛል። ልጄን የጠበቀልኝ አምላክ እንደሆነ አምናለሁ። መምህር ገመቹን መንገድ ላይ ያቆመልኝም እሱ ነው። ይህን ስነግራቸው “እኔን ለማቆም ተኩስ ያስፈለገው ለምንድን ነው ታዲያ?” ብለው ቀለዱብኝ።

በዚያው ሐሙስ ጠዋት ጸሎቴን አድርሼ ሱቅ ገባሁና ማሽኑን አስነሳሁት። ድራይቨሩ ሳልጠራው ተነሳ። አረንጓዴዋ በራች። የራሔል መልስ ገብቶ ነበር። “እማዬ፣ አልመጣም። እንዲህ ጽፈሽልኝ አታውቂም። አልቅሼ አነበብኩት። ላሟ ምን ወለደች?” ይላል።

ወንድ ጥጃ ብዬ መለስኩላት። ከዚያ መምህር ገመቹ ወደ ሰበታ በእግራቸው ሊሄዱ እንደተነሱ ኦቦ ለሜሳ ነገሩኝ። መንገዱ ጸጥ ብሏል፣ መኪና ግን የለም። ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ። ክርኔን ያዙ፣ ጉዞ ጀመርን።

መጀመሪያ እንደ ልማዴ “ድንጋይ አለ”፣ “ጉድጓድ ነው” ብቻ እያልኩ ነበር። ትንሽ እንደሄድን ዝም አልኩ።

“ምን ዘለልሽ?” አሉኝ።

የዘለልኩት ሚኒባሱን ነበር። ትናንት ያመጣቸው ሚኒባስ መንገዱ ጎን ተቃጥሎ ቆሟል። ልነግራቸው አልፈለግኩም ነበር። ነገርኳቸው። ጎማው እንደሌለ፣ ወንበሮቹ ሽቦ ብቻ እንደቀሩ፣ በሩ ክፍት እንደሆነ ነገርኳቸው።

ቆሙ። “ሹፌሩስ?”

ጠጋ ብዬ በመስኮቱ፣ በሥሩ፣ በኋላው አየሁ። “ማንም የለም። ባዶ ነው” አልኳቸው።

“ጌታ ይመስገን” አሉ። “ወዴት እንደሚሮጥ ያውቅ ነበር ማለት ነው።”

ክርኔን እንደገና ያዙ። ከዚያ ወዲያ የጎማውን አመድ፣ የተዘጉትን ሱቆች፣ በር ላይ ቆማ እጇን ያወዛወዘችልንን ሴት፣ የፋብሪካውን ጥቁር ግድግዳ፣ ማሳው ዳር የቀረውን ቢጫ አበባ፣ ሁሉንም ሳልመርጥ እየነገርኳቸው ሰበታ ገባን።